የጎረቤትን ቆጣሪ ዝጉ፣ የራሳችንን ግን ተዉልን

ቆጣሪ ሲባል መቼም ቶሎ ትዝ የሚላችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመብራት ቆጣሪ ነው። በአንድ ቆጣሪ ከአከራይ ጋር የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አከራይዋ በሩን ሳያንኳኩ ቆጣሪው ሲሮጥ አይተው ብቻ «ዛሬም ምጣድ ጥዳችኋል አይደል?» ይላሉ። ቁጥር ብቻውን ወሬ ያወጣል ማለት ነው።

ፕሮሰሰርም የራሱ ቆጣሪዎች አሉት። ስንት ትእዛዝ እንደፈጸመ፣ የፈለገውን ዳታ ካሽ ውስጥ ስንት ጊዜ እንዳጣ ይቆጥራሉ። ሊኑክስ እነዚህን ቆጣሪዎች ለተጠቃሚ የሚያደርሰውን ፐርፍ የተባለ ክፍል በከርነሉ ውስጥ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ክርክሩም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፦ ሩት ያልሆነ ተራ ተጠቃሚ ቆጣሪውን ያንብብ ወይስ አያንብብ?

«ይዘጋ» የሚሉት ወገኖች ምክንያት አላቸው። በ2013 በዚሁ የፐርፍ ኮድ ውስጥ የተገኘ ስህተት ተራውን ተጠቃሚ ሩት እስከማድረግ ያደርስ ነበር። በ2020 ደግሞ ፕላቲፐስ የተባለው ጥናት የኢንቴል ፕሮሰሰርን የኃይል ቆጣሪ በማንበብ የምስጢር ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ። የአከራይዋ ዘዴ መሆኑ ነው! ሊኑክስም የዚህን ቆጣሪ ንባብ ለሩት ብቻ አደረገው። ከዚያ ቀደም በ2016፣ በከርነል 4.6፣ «ፓራኖይድ» ማለትም ተጠራጣሪ የተባለው የፐርፍ መቆጣጠሪያ ከደረጃ 1 ወደ 2 ከፍ ብሎ ነበር። በደረጃ 2 ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም ይለካል እንጂ የከርነሉን ሥራ አያይም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ግን ከዚህም አልፈው ለተራ ተጠቃሚ ጭራሹን ዘጉት።

የእኔ ተቃውሞ «ጭራሹን» በሚለው ላይ ነው። ሁለት ማትሪክስ የሚያባዛ ፕሮግራም በሲ ስንጽፍ በረድፍ መሄድ ሲገባን በዓምድ ከሄድን መልሱ ትክክል ይሆናል፣ ፕሮግራሙ ግን ይንቀራፈፋል። ሰዓት መዘግየቱን ይነግረናል፤ ለምን እንደዘገየ የሚነግረን የካሽ ቆጣሪው ነው። የራሱ ላፕቶፕ ያለው ተማሪ ሩት ሆኖ ይከፍተዋል። ከቢቸና፣ ከሞጣ ወይም ከሮብ ገበያ መጥቶ ከላብ ኮምፒዩተር ሌላ የማያውቀውስ? በሩ የሚዘጋው እሱ ላይ ብቻ ነው።

ደግሞም መዝጋት ብቻውን አያድንም። በ2018 ይፋ የሆኑት ስፔክተርና ሜልትዳውን እነዚህን ቆጣሪዎች ሳይነኩ፣ ጊዜን በመለካት ብቻ ምስጢር ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከዚህም የባሰው፣ ሁሉ ነገር ሲዘጋ የሩት ፓስወርድ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ይጀምራል። ያኔማ ቆጣሪው ብቻ ሳይሆን ቤቱ በሙሉ ተከፈተ ማለት ነው።

ስለዚህ በእኔ አስተያየት ነገሩን በሦስት መክፈል ይቻላል። ውጤትና የግል መረጃ የተቀመጠበት ሰርቨር ይዘጋ፤ ይህ አያከራክርም። የመማሪያ ላብ ከርነሉ በየጊዜው እየታደሰ ደረጃ 2 ላይ ይቀመጥ። ለመመረቂያ ፕሮጀክት ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ተማሪ ቢኖር ደግሞ፣ በ2020 ከከርነል 5.8 ጋር የመጣው ካፕ ፐርፍሞን የተባለው ፈቃድ ሩት ሳያደርገው ለመለካት ያበቃዋል። ይህ ፈቃድ የሌላውንም ሥራ ሊያሳይ ስለሚችል በስም ለታወቀ ሰው፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሰጥ።

መጠየቅ ያለብን «ቆጣሪው ይነበብ ወይ?» ብለን ሳይሆን «የማን ቆጣሪ?» ብለን ነው። የጎረቤቱን ማየት የሚፈልግ ይከልከል። የራሱን ሥራ ለማሻሻል የራሱን ቁጥር የሚጠይቅ ተማሪ ግን ምን አጠፋ?