የነቀምቴ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ርእሰ አንቀጽ

«ውሃን ከጥሩ፤ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ አባቶቻችን። ስለዚህ የዛሬውን ነገራችንን ከውሃው እንጀምራለን።

ፊዚክስ የሚያጠና ማንኛውንም ጓደኛችንን «ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?» ብላችሁ ብትጠይቁት ሳያመነታ «በ100» ይላችኋል። «የት?» ብላችሁ ብትጨምሩበት ግን ዝም ይላል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። እናቶቻችን ይህን ነገር ከእኛ በፊት በሥራ ያውቁታል፤ በደጋ ባቄላ ለመቀቀል ከቆላ ይልቅ ብዙ እንጨት እንደሚፈጅ ለመረዳት መጽሐፍ አላስፈለጋቸውም። እኛ ግን ቴርሞሜትር በእጃችን ይዘን፣ 93 ሲል በዐይናችን እያየን፣ በሪፖርታችን ላይ «100» ብለን እንጽፋለን። ምክንያቱ ምንድን ነው ቢሉ፣ መጽሐፉ 100 ስለሚል ነው።

ውድ አንባቢያን፤ ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ራሳችንን ለመናዘዝ ነው። የፔንዱለሙን ሙከራ የሠራነው አምስት ሆነን ነበር። አንዱ ክሩን ያዘ፤ አንዱ ሰዓቱን ያዘ፤ የቀረነው ስንጨዋወት ቆየን። በመጨረሻ ስናሰላው የመሬት ስበት 9.6 ሆኖ መጣ። ከመካከላችን አንዱ «ይህ አያዋጣም፤ 9.81 አድርጉት» አለ፤ እኛም አደረግነው። ከዚያ ከመልሱ ወደ ኋላ እየተመለስን ሰከንዶቹን እንደሚስማማን አስተካከልናቸው። ስሕተት በሚለው መስመር ላይ «ዜሮ» ብለን ጽፈን ስማችንን አኖርንበት። ሙሉ ነጥብ አገኘንበት። ያ ሪፖርት ዛሬ በዶርሞቹ ውስጥ ከአልጋ ወደ አልጋ እየተዘዋወረ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ይገለብጡታል። ይህም የአንድ ግቢ ብቻ በሽታ አለመሆኑን በየዩኒቨርሲቲው ያሉ ጓደኞቻችን ይመሰክራሉ።

ከሁሉ የሚያሳፍረው ግን 9.81 የነቀምቴ ቁጥር አለመሆኑ ነው። እርሱ በፓሪስና በአካባቢዋ የሚለካ ቁጥር ነው። መሬት በወገቧ በኩል ትንሽ ያበጠች ከመሆኗም በላይ ስለምትሽከረከር፣ በምድር ወገብ አቅራቢያ ስበቱ ያንሳል፤ ከፍታም ሲጨመርበት ጥቂት ይቀንሳል። ስለዚህ የነቀምቴው ስበት 9.78 ገደማ ነው። እንግዲህ ለመኮረጅ እንኳ የኮረጅነው የሰው አገር መልስ ነው!

ልዩነቱ ኢምንት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ፔንዱለም 100 ጊዜ ሲመላለስ በነቀምቴ 200.9 ሰከንድ፣ በፓሪስ ደግሞ 200.6 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በመካከላቸው ያለው 0.3 ሰከንድ ብቻ ነው። ክሩን ስንለካ በ3 ሚሊሜትር ብንሳሳት ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል። ስለዚህ በክርና በድንጋይ፣ በስልካችንም ሰዓት የለካን ተማሪዎች «9.7፤ ከዚህ በ0.1 ቢበዛ ወይም ቢያንስ» ብለን ብንጽፍ አንድም ነውር የለበትም። እንዲያውም እውነተኛው የፊዚክስ መልስ ይህ ነው። የሚያውቀውን ያህል የሚናገር፣ የማያውቀውንም ልክ የሚያስታውቅ ቁጥር ነውና።

ኢምንት የተባለ ልዩነት ምን እንደሚያደርግ ደግሞ ታሪክ ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1672 ዣን ሪሼ የተባለ ፈረንሳዊ ለምድር ወገብ ቅርብ ወደ ሆነችው ወደ ካየን ተልኮ ነበር። በፓሪስ በትክክል የተሞላው የፔንዱለም ሰዓቱ እዚያ ሲደርስ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ወደ ኋላ መቅረት ጀመረ። ሪሼ እንደ እኛ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን አስተካክሎ ይመለስ ነበር። እርሱ ግን ያየውን ጻፈ። በአገሩ የነበሩ አንዳንድ ሊቃውንት በአለካኩ ተሳስቷል ብለው ተጠራጠሩት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው መጽሐፍ መሬት በወገቧ ያበጠች መሆኗን ሲያስረዳ ያንኑ ቁጥር ምስክር አድርጎ ቆጠረው።

የእኛም አገር ብትሆን በዓለም ሳይንስ ዘንድ የራሷ ቁጥር ያላት ናት። የመግነጢስ ወገብ የሚባለው መስመር በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ምክንያት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ጣቢያ ተቋቋመ። ዋናው መሥራች ፒየር ጉዌን የአገራችንን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ከየጽሑፉ ለቅመው እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ አወጡት። ያ ሁሉ ድካም በሌላ አገር መጽሐፍ ውስጥ ያልተጻፈውን እዚሁ ለመለካት የተደረገ ነበር።

አሁን ወደ ሰበባችን እንምጣ። የመጀመሪያው «ፊዚክስን እኔ አልመረጥኩም፤ ደረሰኝ» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ሕክምና ወይም ምሕንድስና ተመኝተን እዚህ የተገኘን ነን። ነገር ግን ያልመረጡትን ትምህርት መማርና ባልለኩት ቁጥር ላይ መፈረም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛው ሰበብ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተና ነው። ፈተናው በምርጫ ጥያቄ ስለሚሰጥ በሙከራ ጊዜ ማጥፋት ምን ይጠቅማል ይባላል። ወረቀቱን ማለፋችን መልካም ነው፤ እጃችን ምን እንደሚችል ግን ወረቀቱ አይጠይቀንም። ሦስተኛው የዕቃ ማነስ ነው። ይህ ከባድ ችግር መሆኑን አንክድም፤ መጠየቃችንንም አንተውም። ሆኖም ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረው ሳሉ በእስር ቤት ውስጥ ለእስረኞች ፊዚክስ ማስተማራቸውን ስናስብ፣ ክርና ድንጋይ ይዘን ዕቃ የለንም ለማለት አፋችን ይተሳሰራል። የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 የሳካሮቭን ሽልማት የሰጣቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ጉዳዩ ከግሬድ የሚያልፍ ነው። ብዙዎቻችን ነገ በጊምቢ፣ በሻምቡ፣ በደምቢ ዶሎና በየወረዳው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን እንሆናለን። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከመቶ 8.4 ብቻ ነበሩ። የዚህን ውድቀት ምክንያት ሁሉ በአንድ ነገር ላይ አንጥልም። ነገር ግን አንዲት ልጅ እጇን አንሥታ «ቲቸር፤ እኔ የለካሁት 93 ነው» ባለችን ቀን ምን እንመልስላት ይሆን? «ተሳስተሻል፤ 100 በዪ» ካልናት፣ ትክክለኛዋን ሳይንቲስት ያጠፋናት እኛው ነን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ መምህሮቻችንን በአክብሮት የምንጠይቀው፣ ነጥብ ሲሰጡ ከመጽሐፉ ጋር ለገጠመ መልስ ሳይሆን ስሕተቱን በግልጽ ለዘረዘረ ሪፖርት እንዲያደሉልን ነው። 9.6 ያመጣ ተማሪ ለምን 9.6 እንዳመጣ ካስረዳ፣ 9.81 ከገለበጠው ይብለጥ።

ሁለተኛ፣ ለጓደኞቻችን። በመጪው ዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ እያንዳንዳችን አንድ ቴርሞሜትር እንያዝ። ውሃ አፍልተን፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከድስቱ ታች ሳናስነካ፣ ሦስት ጊዜ እንለካ። ሻምቡ ከነቀምቴ ከፍ ትላለች፤ ጊምቢና ደምቢ ዶሎ ዝቅ ይላሉ፤ የዲዴሳ ሸለቆ ደግሞ ከሁሉም ዝቅ ይላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ልዩነት መኖር አለበትና፣ እውነት መሆኑን እንየው። ቴርሞሜትሩም ሊሳሳት ስለሚችል ያን ጭምር እንጻፍ። የመጣው ቁጥር ሁሉ፣ የተጣመመውም ሳይቀር፣ በዚህ ጋዜጣ ላይ በሠንጠረዥ ይወጣል።

እኛም በበኩላችን ያን የፔንዱለም ሪፖርት ከመምህራችን ጠይቀን፣ 9.81ን ሰርዘን፣ 9.6 ብለን ልንጽፍበት ተስማምተናል። ነጥቡ ቢቀነስብንም ይቀነስ።