የበጎ ፈቃደኛ ዕዳ

በሲኤምሲም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ሰፈር እድር ያለ መዝገብ አይቆምም። ሊቀመንበሩ፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ ብዙውን ጊዜ ደመወዝተኞች አይደሉም፤ ሆኖም ገንዘብ ያዡ ገቢና ወጪውን በአባላት ፊት ያስረዳል፣ ጸሐፊውም የቀረውን ይመዘግባል። ሥራው በፈቃድ ነው፤ ማስረዳቱ ግን ግዴታ ነው። ይህ ልማድ በኮምፒዩተሩ ዓለም ለሚሠሩ በጎ ፈቃደኞችም ያስፈልጋል ባይ ነኝ።

ክፍት ምንጭ ሶፍትዌር የሚባለው፣ የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ ማንም ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና ሊያሰራጨው የሚችል ፕሮግራም ነው። ብዙው የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። አማርኛም ከዚህ ድርሻ አለው፤ ግኖም የተባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ የአማርኛ ትርጉም ፋይሎች ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጋር ሰፍሮ ይገኛል።

በእንዲህ ያሉ ፋይሎች አናት ላይ የመጨረሻው ተርጓሚ ስምና ፋይሉ የታረመበት ቀን ይጻፋል። ኮምፒዩተሩም የተተረጎመውን፣ የሚያጠራጥረውንና ያልተተረጎመውን ለይቶ ይቆጥራል። ይሁን እንጂ ቆጠራው የዓረፍተ ነገር እንጂ የሰው አይደለም። ተርጓሚው ሥራውን ትቶ ከሆነ ፋይሉ አይናገርም። አዲስ መጪውም ስሙን አይቶ «ባለቤት አለው» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ሲሆን አንዱ አይሠራም፣ ሌላውም አይጀምርም።

«ያልተከፈለው ሰው ለምን ይጠየቃል?» የሚሉ ይኖራሉ። ጉልበቱን ማንም ሊያስገድደው እንደማይችል እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን በአንድ ሥራ ላይ ስሙን ያኖረ ሰው የሌላውን ቦታ ይዟል፤ ስለዚህ ዕዳው የሥራ ሳይሆን የቃል ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ደብያን ይህን በሚገባ ተረድቷል። እዚያ መቀጠል ያልቻለ ሰው የሚጠብቀው ፕሮግራም ባለቤት እንደሌለው በይፋ ያስታውቃል፤ ሌላው ይረከበዋል። በዝምታ የጠፉትን የሚያፈላልግ ቡድንም አለ።

ማስታወቅ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ሰሚ ይፈልጋል። መረጃን አጭቆ የሚያሳንሰውን ኤክስ ዜድ የተባለ ፕሮግራም ለዓመታት በዋናነት የጠበቀው አንድ በጎ ፈቃደኛ ነበር። አቅሙ መወሰኑን በ2022 እ.ኤ.አ. በግልጽ ተናግሯል። በአጠገቡ የተገኘው ረዳት ግን በሐሰተኛ ስም ቀርቦ እምነት ካተረፈ በኋላ ስውር መግቢያ ሰርቶ አስገባ። መጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የግማሽ ሴኮንድ ያህል መዘግየት አስተውሎ ባይመረምር ኖሮ፣ በርካታ የሊኑክስ ኮምፒዩተሮች ለአደጋ በተጋለጡ ነበር። «ደክሞኛል» የሚለውን ቃል ቡድን ቢሰማው ኖሮ ሸክሙ ለማይታወቅ ሰው ብቻ ባልቀረ ነበር።

ስለዚህ ፕሮግራም ለመጻፍም ሆነ ለመተርጎም የምትሰባሰቡ ተማሪዎች ከመጀመሪያው ቀን በየወሩ አራት ነገሮችን የምታስረዱበት መዝገብ ክፈቱ፦ ምን ሠራሁ? ምን ቀረ? ምን አገደኝ? እቀጥላለሁን? ለመጨረሻው ጥያቄ «አልቀጥልም» የሚለው መልስ ነውር ሊሆን አይገባም፤ እንዲያውም ሥራውን በሕይወት የሚያቆየው እርሱ ነው። መዝገቡን ተራ ገብቶ የሚያነብና ለደከመው ፈጥኖ የሚደርስ ሰውም አብራችሁ ሰይሙ።