«ግዙት፣ በኋላ ሪፋይናንስ ታደርጉታላችሁ» ሲሉን

ሰሞኑን አንድ የቅርብ ዘመዴ ማታ ከሥራ እንደገባሁ ደወለልኝ። እሱና ባለቤቱ ሜሪላንድ ውስጥ የመጀመሪያ ቤታቸውን ሊገዙ ነው። ቤቱን ወደውታል፣ ባንኩም ፈቅዷል፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ከብዷቸዋል። «ጋሼ፣ ኤጀንቱ አይዟችሁ፣ ወለዱ ሲወርድ ሪፋይናንስ ታደርጋላችሁ ብሎናል። እርስዎ ምን ይላሉ?»

በስልክ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር። ብዙዎቻችሁም በዚሁ ጥያቄ ላይ እንዳላችሁ ስለማውቅ እዚህ ዘርዘር ላድርገው። ሙያዬ ምህንድስና እንጂ የባንክ ሥራ አይደለም፤ ነገሩ ግን ከተራ ሂሳብ ብዙም አይርቅም።

መጀመሪያ ጭንቀቱ ከየት እንደመጣ እንይ። ፍሬዲ ማክ በየሳምንቱ በሚያወጣው አማካይ መሠረት፣ የ30 ዓመት ቋሚ ሞርጌጅ ወለድ በጃንዋሪ 2021 እስከ 2.65 ከመቶ ወርዶ ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በኦክቶበር 2023 ደግሞ 7.79 ከመቶ ደረሰ። ለ400,000 ዶላር ብድር የመጀመሪያው በወር 1,612 ዶላር ገደማ ሲያስከፍል፣ ሁለተኛው 2,877 ዶላር ገደማ ያስከፍላል። የቤት ግብርና ኢንሹራንስ ሳይጨመር ማለት ነው። ዕዳው ያው ሆኖ ልዩነቱ በወር 1,265 ዶላር ነው። እንግዲህ ዘግይቶ የመጣ ገዢ ተስፋውን በሪፋይናንስ ላይ ቢጥል አይፈረድበትም።

ግን ሪፋይናንስ ምንድን ነው? የድሮውን ብድር በአዲስ ብድር መዝጋት ነው። አዲስ ብድር ስለሆነም በአብዛኛው ገቢያችሁ፣ ክሬዲታችሁና የቤቱ ግምት እንደገና ይመረመራል። እንዲሳካ ሦስት ነገሮች በአንድ ጊዜ መገጣጠም አለባቸው፤ ወለዱ መውረድ አለበት፣ የቤቱ ዋጋ መውረድ የለበትም፣ የናንተም ሥራ እንደነበረ መቆየት አለበት።

በኛ ሙያ አንድ ነገር በሦስት ምሰሶ ላይ ሲቆም «አንዱ ሲወድቅ ሌሎቹንም ይዟቸው ይወድቃል ወይ?» ብለን እንጠይቃለን። እዚህ ላይ መልሱ ያሳስባል። ወለድ በደንብ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ኢኮኖሚው ሲታመም ነው። ኢኮኖሚው ሲታመም ደግሞ ሰው ከሥራ ይቀነሳል፣ የቤት ዋጋም ሊወርድ ይችላል፣ ባንኮችም እጃቸውን ይሰበስባሉ። በሩ የሚዘጋው በጣም በምትፈልጉት ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ይህንን በዓይናችን አይተነዋል። በ2005 እና በ2006 ብዙ ሰው የፈረመው ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ዝቅ ያለ፣ ከዚያ በኋላ ግን የሚጨምር ወለድ ያለው ብድር ነበር። ያኔም «ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ ሪፋይናንስ ታደርጋላችሁ» ነበር የሚባለው። የቤት ዋጋ ሲወድቅ ዕዳው ከቤቱ ዋጋ በለጠ፤ እንዲህ ላለ ቤት አዲስ ብድር የሚሰጥም ጠፋ። ታክሲ እየነዱ፣ ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ እየሠሩ ያጠራቀሙትን ቅድመ ክፍያ ከነቤቱ ያጡ ወገኖችን አውቃለሁ። እርግጥ የዛሬው ብድር የተሻለ ነው። አብዛኛው ቋሚ ወለድ ነው፤ ከ2014 ጀምሮም አበዳሪው የተበዳሪውን የመክፈል አቅም እንዲያጣራ ደንብ ያስገድደዋል። ምክሩ ግን ያው የድሮው ነው።

«ፌደራል ሪዘርቭ ሲቀንስ ሞርጌጁም ይቀንሳል» የሚሉም አሉ። ፌደራል ሪዘርቭ በሴፕቴምበር 2024 ግማሽ ነጥብ ቀነሰ። በዚያ ሰሞን 6.1 ከመቶ ገደማ የነበረው የሞርጌጅ ወለድ ግን በጃንዋሪ 2025 ከ7 ከመቶ አለፈ። የ30 ዓመት ሞርጌጅ ይበልጥ የሚከተለው የ10 ዓመቱን የመንግሥት ቦንድ ነውና። ስለዚህ በማይታወቅ ቀን በሚመጣ ቅናሽ ላይ ቤት መግዛት፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሆናል።

ሌላው ጉዳይ በተለይ እኛን ይመለከታል። ባንኩ «ትችላላችሁ» ሲል የቆጠረው ምንድን ነው? ግብር ሳይነሳለት ያለውን ደመወዝ ይይዝና የመኪና፣ የክሬዲት ካርድና የትምህርት ዕዳችንን ያያል። ለእናታችን በየወሩ የምንልከውን፣ የእህታችንን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የዕድሩንና የማኅበሩን መዋጮ አያይም። ዘመዴን በወር ስንት እንደሚልኩ ስጠይቀው ለሁለቱም ቤተሰብ 600 ዶላር አለኝ። ባንኩ ወረቀት ላይ ይህ ዜሮ ነው። እነሱ ዘንድ ግን ከመኪናው ዕዳ በፊት የሚከፈል ነው፤ የመኪና ዕዳ ያልቃል፣ እናት ግን አትቋረጥም።

ታዲያ ወለዱ በጄ ቢልና ቢወርድስ? ያኔም ሂሳብ ያስፈልጋል። 400,000 ዶላር በ7.25 ከመቶ ተበድራችሁ ወደ 6.25 ብትወርዱ በወር 266 ዶላር ገደማ ታተርፋላችሁ። የማዘዋወሪያው ወጪ 10,000 ዶላር ቢሆን እሱን ለመመለስ ብቻ 38 ወር ይፈጃል። ከዚያ በፊት ቤቱን ከሸጣችሁ ከስራችኋል። «ያለ ወጪ» የሚባለውም ወጪው ዕዳው ላይ ወይም ወለዱ ላይ ተጭኖ ነው። በተጨማሪም አዲሱ ብድር የ30 ዓመቱን ሰዓት እንደገና ያስጀምራል። በ7.25 ከመቶ የመጀመሪያው ወር ክፍያ 2,729 ዶላር ገደማ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ዋናውን ዕዳ የሚቀንሰው 312 ዶላር ብቻ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ሪፋይናንስ የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ ከዚህ መነሻ አይርቅም። ካደረጋችሁ ለቀሩት ዓመታት ብቻ እንዲሆን ጠይቁ።

በእጃችን ያለው ነገር ብድሩን ማሳነስ ነው፤ ርካሽ ቤት መምረጥ፣ ሦስት አራት አበዳሪ ማወዳደር፣ ቅድመ ክፍያን ማሳደግ። ቅድመ ክፍያውን በዕቁብ የምትሰበስቡ ካላችሁ፣ በድንገት ሂሳባችሁ ውስጥ የገባ ብዙ ገንዘብ ምንጩ ይጠየቃል። የኤፍኤችኤ መመሪያ እንዲህ ያለውን የቁጠባ ማኅበር ይቀበላል፤ ግን መዝገብ፣ ደረሰኝና የገንዘብ ያዡን ማረጋገጫ ይፈልጋል። ስለዚህ የዕቁቡ ዳኛና ጸሐፊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው በጽሑፍ ይያዙት።

ለዘመዴ ያልኩት ይህን ነው፦ «ድልድይ ለመኪና ከመከፈቱ በፊት በጭነት ይፈተናል። እናንተም አሁን በምትከፍሉት ኪራይና በሚመጣው ክፍያ መካከል ያለውን ልዩነት ለስድስት ወር በየወሩ ወደ ቁጠባ አስገቡ፤ ለቤተሰብ የምትልኩትን ሳታቋርጡ። ከቻላችሁት ቤቱ የናንተ ነው፤ ወለዱ ቢወርድ ምርቃት ይሁንላችሁ። ካልቻላችሁ ደግሞ ቤት ሳታጡ፣ ገንዘቡም በእጃችሁ እንዳለ አወቃችሁት።»

ያን ቤት ትተውታል። ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር። አሁን ሦስተኛ ወራቸው ነው፤ ሁለተኛው ወር ላይ አዲስ አበባ ሐዘን ገጥሟቸው ልዩነቱን ሳያስገቡ ቀርተዋል። ባንኩ የማያየው ወር እንዲህ ያለው ነው።

ቸር እንሰንብት።