ሕፃን ሳለ የተገዛ ዘንዶ

እንስሳን በቤት ማኖር ከጥንት ጀምሮ በሰው ልጅ ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። ውሻ ደጅ ይጠብቃል፤ ድመት አይጥን ታጠፋለች፤ ላምና በግም ለሚያረባቸው ሰው ምግብና ልብስ ይሆናሉ። ወፍን ስለ ድምፁ፣ ዓሣንም ስለ መልኩ ብሎ በቤቱ የሚያኖር ሰው ቢኖር ማንም አይነቅፈውም። ዳሩ ግን ባለፉት ብዙ ዓመታት ውስጥ በሀብታሞቹ አገሮች፣ ይልቁንም በአሜሪካ፣ ሌላ ልማድ ተነሥቷል። ይኸውም ከሩቅ አገር የመጣ እባብና ዘንዶ እየገዙ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ማኖር ነው። መንግሥት ይህን ንግድ ይከልክል ወይስ አይከልክል የሚለውም ክርክር ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ነገሩ ከእኛ ሩቅ ቢመስልም ሥሩ የቤተ ሰብ ነገር ስለ ሆነ ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንነጋገርበት ወደድን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያስተውሉልን።

ከሁሉ ይልቅ ክርክሩን ያስነሣው የበርማ ዘንዶ የሚባለው ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብና ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። መርዝ የለውም፤ የሚያድነውን እንስሳ ተጠምጥሞበት አንቆ ይገድለዋል፤ ከገደለውም በኋላ ሳያኝክ ይውጠዋል። ከእንቁላሉ በወጣ ጊዜ ግን ርዝመቱ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ነው። ቈዳው በቡናማና በቢጫ ሐረግ የተጌጠ፣ ጠባዩም ለስላሳ ስለ ሆነ የሚያየውን ልጅ ልብ ይማርካል። አባትም ልጁን ደስ ለማሰኘት ብሎ ይገዛለታል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ያ ትንሽ እባብ 3 ሜትርና ከዚያም በላይ ይሆናል። ቀድሞ አይጥ ይበቃው የነበረው ጥንቸል ይፈልጋል፤ ሣጥኑ ይጠበዋል፤ አንድ ሰው ብቻውን ሊይዘው ያስቸግራል። ዕድሜውም ከ20 ዓመት ያልፋል። ልጁ አድጎ ትምህርቱን ለመቀጠል ወይም ትዳር ለመያዝ ከቤት ሲወጣ፣ ዘንዶው ከእናትና ከአባት ጋራ ይቀራል።

ያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ይጨነቃል። የሚቀበላቸው ሰው ለማግኘት ይቸገራሉ፤ እንዳይገድሉትም ያሳደጉት ነውና ያሳዝናቸዋል። ስለዚህ አንዳንዶቹ በመኪና ጭነው ወደ ጫካ ወይም ወደ ረግረግ ይወስዱና ይለቁታል። እንስሳውን ነፃ ያወጡት ይመስላቸዋል።

በፍሎሪዳ ግዛት በስተ ደቡብ ኤቨርግሌድስ የሚባል እጅግ ሰፊ ረግረግ አለ። ከፊሉ በ1947 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ በመንግሥት ጥበቃ ሥር ዋለ። አየሩ ሙቀትና እርጥበት ያለው ስለ ሆነ ለበርማ ዘንዶ እንደ ትውልድ አገሩ ተስማማው። ከ1996 እስከ 2006 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ ብቻ ወደ አሜሪካ የገባው የበርማ ዘንዶ ቍጥሩ 99,000 ያህል ነበረ። ከእነዚህና ከእነዚህም በፊት ከገቡት ውስጥ ባለቤቶቻቸው የለቀቋቸውና ከቤት ያመለጡት በረግረጉ ተገናኙ። በ1992 ዓ.ም. አንድሩ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ዘንዶ የሚራባበትን ቤት አፍርሶ ብዙዎቹን እንደ በተነም ይነገራል። በ2000 ዓ.ም. የበርማ ዘንዶ በኤቨርግሌድስ እየተዋለደ የሚኖር አውሬ መሆኑ ታወቀ።

ሴቲቱ ዘንዶ በአንድ ጊዜ 50 እና ከዚያም የሚበልጥ እንቁላል ትጥላለች። በ2022 ዓ.ም. በዚያው በፍሎሪዳ ተይዛ ለሕዝብ የታየች አንዲት ዘንዶ 98 ኪሎ ትመዝን ነበር፤ ሆዷም በተከፈተ ጊዜ በማደግ ላይ ያሉ 122 እንቁላሎች ተገኙ። ዘንዶው እንዲህ ሲበዛ በረግረጉ የነበሩት አራዊት ምን ሆኑ? ሊቃውንት ሌሊት በፓርኩ መንገድ በመኪና እየዞሩ ያዩትን እንስሳ ሁሉ ቈጥረው በ2012 ዓ.ም. ውጤቱን አስታወቁ። ከ1997 ዓ.ም. በፊት ከነበረው ጋራ ሲነጻጸር ራኩንና ኦፖሰም የሚባሉት ትንንሽ አውሬዎች ከመቶ 98 እጅ በላይ፣ ቦብካት የሚባለውም የዱር ድመት ከመቶ 87 እጅ ቀንሰው ተገኙ። ጥንቸልና ቀበሮማ ከነጭራሹ አልታዩም። ከዚያም በኋላ ጥንቸሎችን የራዲዮ ምልክት አስረው በፓርኩ ቢለቋቸው፣ ከሞቱት ከመቶ 77ቱን የበላቸው ዘንዶ መሆኑ በ2015 ዓ.ም. ተገለጸ።

እንግዲህ ወደ ክርክሩ እንመለስ። በደቡብ ፍሎሪዳ የውሃን ነገር የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በ2006 ዓ.ም. የበርማ ዘንዶ ከውጭ አገር እንዳይገባ ይከልከልልን ሲል ለማዕከላዊው መንግሥት አመለከተ። በአሜሪካ ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ የጸና የሌሲ ሕግ የሚባል አለና፣ መንግሥት በዚህ ሕግ መሠረት አንድን አውሬ ጎጂ ብሎ ሲሰይመው ከውጭ ማስገባቱ ክልክል ይሆናል። ምርመራውና ሙግቱ ዓመታት ፈጅቶ፣ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የበርማ ዘንዶ፣ ሁለት ዓይነት የአፍሪካ ዘንዶና ቢጫው አናኮንዳ በክልከላው ውስጥ ገቡ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች 4 ዓይነቶች ተጨመሩ።

ክልከላውን የተቃወሙት አርቢዎችና ነጋዴዎች ያቀረቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። አንደኛ፣ ዘንዶ ብርድ አይችልም፤ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የወረደው ቅዝቃዜ በኤቨርግሌድስ እንኳ ብዙዎቹን ገድሏል፤ ታዲያ በሰሜን በበረዶ አገር የሚኖር ሰው በፍሎሪዳ ምክንያት ስለ ምን ይከለከላል? አሉ። ሁለተኛ፣ ብዙ ሰዎች እንስሶቻቸውን በጥንቃቄ ይዘው በዚሁ ሥራ ቤታቸውን ያስተዳድራሉ፤ ሕጉ ግን ጠንቃቃውን ከቸልተኛው ጋራ አንድ አድርጎ ይቀጣል፤ አሉ። ሦስተኛም፣ ከግዛት ወደ ግዛት መውሰድና መሸጥ ከተከለከለ፣ ባለቤቱ የማይጠቅመውን እንስሳ በዱር መልቀቁ አይቀርም፤ አሉ። ጉዳዩንም ወደ ፍርድ ቤት አቀረቡ። በ2017 ዓ.ም. በዋሽንግተን የተቀመጠው የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሕጉ ከውጭ አገር እንዳይገባ ይከለክላል እንጂ በዋናው ምድር ባሉት 49 ግዛቶች መካከል መዘዋወሩን አይከለክልም ሲል ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ግዛቶቹ ለየራሳቸው የሚያወጡት ሕግ ዋጋው ከፍ አለ። ፍሎሪዳም በ2021 ዓ.ም. የበርማ ዘንዶንና ሌሎችን ተሳቢ እንስሳት ለንግድና ለቤት ማኖሪያ እንዳይሆኑ የሚከለክል ጥብቅ ደንብ አወጣ።

እኛ ሁለቱን ወገኖች ስንመዝን እንዲህ ይመስለናል። ስለ ብርድ የተነገረው ለአብዛኛው የአሜሪካ ምድር እውነት ነው። ነገር ግን አውሬው ሥር ለመስደድ አገሩ ሁሉ እንዲስማማው አያስፈልገውም፤ አንድ ሞቃት ሥፍራ ይበቃዋል። ስለ ጠንቃቆቹ ሰዎች የተነገረውም እውነት ነው። ነገር ግን ከመቶ ሰው አንዱ ብቻ ቢለቅ እንኳ ከ99,000 ዘንዶ 990 በዱር ይገኛል ማለት ነው። ሦስተኛው ምክንያት ግን ሕግ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነው፤ ሰውን በቅጣት ብቻ ያስፈራሩት እንደ ሆነ በሌሊት ይለቃልና። ለዚህም መልስ ተገኝቶለታል። ፍሎሪዳ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እንግዳ እንስሳ ይዞ ማኖር ያቃተው ሰው ያለ ቅጣት መጥቶ የሚያስረክብበትንና እንስሳውም ለተሻለ ጠባቂ የሚሰጥበትን ሥርዓት አቁሟል። ስለዚህ ክልከላው ከእንዲህ ያለ የምሕረት ደጅ ጋራ ቢሆን መልካም ነው እንላለን።

ከዚህም ሁሉ በላይ ነገሩን የሚወስነው ጊዜው ነው። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል። ጓም በምትባለው የፓሲፊክ ደሴት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጭነት ውስጥ ተሸሽጎ የገባው ቡናማ የዛፍ እባብ ከ12ቱ የደሴቲቱ የጫካ ወፎች 10ሩን ከዱር አጠፋ፤ ይህም በወሬ ሳይሆን በዓይን የታየ ነበረ። በፍሎሪዳ ግን የዘንዶው መዋለድ በ2000 ዓ.ም. ታውቆ ሳለ ክልከላው የጸናው ከ12 ዓመት በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ከ2017 ዓ.ም. ወዲህ ዘንዶ ለሚይዙ ሰዎች ደመወዝ እየተከፈለ፣ ባለፉት ዓመታት በጠቅላላው ከ23,000 የሚበልጡ ዘንዶዎች ከዱር ተወግደዋል። ነገር ግን ዘንዶው በሣርና በውሃ ውስጥ እጅግ ስለሚሸሸግ፣ ከመቶ አንዱን እንኳ አይቶ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። በ2023 ዓ.ም. ሊቃውንት የደረሱበትን ሲያጠቃልሉ፣ ዛሬ በእጅ ባለው መሣሪያ ዘንዶውን ከምድሩ ሁሉ ፈጽሞ ማጥፋት እንደማይቻል ገልጸዋል።

ሕግ ደጁን ይጠብቃል፤ የቤቱን ውስጥ ግን የሚጠብቀው አባትና እናት ነው። በ2009 ዓ.ም. በፍሎሪዳ አንድ ለማዳ የተባለ የበርማ ዘንዶ ሌሊት ከሣጥኑ ወጥቶ የ2 ዓመት ሕፃን በአልጋዋ ላይ አንቆ ገደለ። ባለቤቶቹ ለመያዝ የሚያስፈልገው ፈቃድ አልነበራቸውም። በ2013 ዓ.ም. በካናዳ በኒው ብራንዝዊክ አንድ የአፍሪካ ዘንዶ ከተዘጋበት አምልጦ በአየር መተላለፊያው በኩል ወጣና፣ ተኝተው የነበሩ ሁለት ወንድማማች ልጆችን ገደለ። በዚያ ግዛት ይህን ዓይነት ዘንዶ ያለ ፈቃድ መያዝ የተከለከለ ነበረ። እነሆ ሕጉ ነበረ፤ ልጆቹ ግን ሞቱ። እንዲህ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚደርስ አይደለም፤ ነገር ግን የልጅ ነገር በቍጥር ብዛት የሚመዘን አይደለም።

ይህን ስንል ዘንዶን እንደ ጠላት ቈጥረን አይደለም። በእስያ በትውልድ አገሩ የበርማ ዘንዶ ስለ ቈዳውና ስለ ሥጋው እየታደነ፣ ጫካውም እየተመነጠረበት ቍጥሩ ስለ ቀነሰ፣ ለመጥፋት ከሚያሰጉት እንስሳት መካከል ተመዝግቧል። በአንዱ አገር የሚጠፋው በሌላው አገር አጥፊ ሆነ። በአሜሪካ ከተከለከሉት ሁለት የአፍሪካ ዘንዶዎች አንደኛው በአገራችን በኢትዮጵያ ቈላ፣ በወንዝና በሐይቅ ዳር የሚኖረው ነው። በሥፍራው ሳለ አይጥንና ሌላውንም እንስሳ እየበላ የተሰጠውን ሥራ ይሠራል። ኢትዮጵያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ የዱር እንስሳትን የመንግሥታት ንግድ በሚቈጣጠረው ስምምነት ውስጥ ስላለች፣ ዘንዶን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። በቤት የማኖር ምኞት የሚጎዳውም ዘንዶን ብቻ አይደለም። ከአፍሪካ ቀንድ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው እየተነጠቁ ወደ ዐረብ ባሕረ ሰላጤ አገሮች በስውር የሚወሰዱት በዚሁ ምኞት ነው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በመንገድ ይሞታሉ።

እንግዲህ በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር የምትኖሩ አባቶችና እናቶች፣ ልጃችሁ አንድ እንግዳ እንስሳ ይገዛልኝ ብሎ የለመናችሁ እንደ ሆነ፣ በቍጣ አትመልሱት። እንስሳን መውደድ መልካም ጠባይ ነውና። ነገር ግን ከእርሱ ጋራ ተቀምጣችሁ እነዚህን ጠይቁ። ይህ እንስሳ ሲያድግ ምን ያህል ይሆናል? ስንት ዓመት ይኖራል? አንተ ከቤት በወጣህ ጊዜ ማን ያበላዋል? ልናኖረው ባንችል ለማን እናስረክበዋለን? መንግሥትስ ይፈቅዳል? መልሱን አብራችሁ ፈልጉ። ለአንዲቱ ጥያቄ እንኳ መልስ የጠፋ እንደ ሆነ እንስሳው በሥፍራው ይቈይ፤ ልጁም በመጽሐፍ ወይም በፓርክ ሄዶ ይየው። አስቀድሞ በቤታችሁ የገባ እንስሳ ካለ ደግሞ፣ ቢያስቸግራችሁም በዱር አትልቀቁት። በምትኖሩበት አገር እንዲህ ያለውን እንስሳ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ወይም ሐኪም ጠይቃችሁ በቀን፣ በግልጽ፣ በእጃችሁ አስረክቡ።