ቤት ከመሠራቱ በፊት የፀሐይዋ አቅጣጫ ይታይ

ጉለሌ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ የአዲስ አበባ ሰሜናዊ ክፍል ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ቀኑ ብሩህ ፀሐይ ሲሆን ሌሊቱ ግን ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይቀዘቅዛል። ለዚህ ብርድ ለብዙ ዘመን መከላከያ ሆኖ የቆየው የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ማገዶ ነው። ሸክሙ የወደቀው በአብዛኛው በሴቶች ጀርባ ላይ ሲሆን፣ ጢሱም ዓይንንና ሳንባን ይጎዳል።

ከዚህ አኳያ የቀኑን ሙቀት ለሌሊት የሚያቆይ ቤት መሥራት የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ስለዚህ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሆነና መስኮቱ ወደ ደቡብ የሚያይ ቤት በብርዱ ወራት ፀሐይ ይገባለታል። በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ ወደ አናት ስትጠጋ ደግሞ ወጣ ብሎ የተሠራ የጣራ ጠርዝ መስኮቱን ያጠላዋል። የሳንቃ መስኮት ከሆነ ቀን ተከፍቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ መዘጋት አለበት። የጉለሌ መሬት ወደ ደቡብ ያዘቀዘቀ በመሆኑ ለዚህ ዓይነቱ አሠራር የተመቸ ነው።

ሙቀቱን የሚያጠራቅመው ግድግዳው ነው። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ በቀስ ይመልሳል። የመንዝ የድንጋይ ቤትና የትግራይ ሕድሞ ለዚህ የቆዩ ምስክሮች ናቸው። ችግሩ ያለው ጣራው ላይ ነው። ቆርቆሮ ከሣር ክዳን ይልቅ ዕድሜ ቢኖረውም ቀን ይግላል፣ ሌሊት ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ከሥሩ ኮርኒስ ካልተደረገለት የግድግዳው ጥቅም ከንቱ ይሆናል። በሐምሌና በነሐሴ ግን ደመና ስለሚበዛ እሳት ፈጽሞ አይቀርም።

በ1978 ዓ.ም. በአገሪቱ በስፋት በተካሄደው የመንደር ምሥረታ ቤቶች በቀጥታ መስመር ተደርድረው ተሠርተዋል። የቤት ፊት በመንገድ መስመር ብቻ ሲወሰን ግን ዕዳው በየዓመቱ በማገዶ ይከፈላል።

ስለሆነም የደጋ ቀበሌዎች መሪዎች ቦታ ሲመሩ ገመዱ ከመዘርጋቱ በፊት አቅጣጫውን ሊያዩ ይገባል። ለዚህም በታኅሣሥ ካስማ ተክሎ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ጥላው የሚወድቅበትን ማየት ይበቃል፤ መስኮቱ የሚከፈተው ከጥላው ተቃራኒ በሆነው ወገን ነው። ይህ ውሳኔ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን ማስተካከሉ ከባድ ነው።