ስለ ማሽኑ ሳይሆን ስለ ሐኪሙ ጠይቁ

የአንጀት መጨረሻ ካንሰር የያዘውን ሰው በማሽን ስም ማባበል ይብቃ! «በሮቦት ነው የምንሠራልዎት» ሲባል ሕመምተኛው ማሽኑ ራሱ የሚያድነው ይመስለዋል። ሮቦቱ በራሱ አንዲት ደም ሥር አይቆርጥም። ቀዶ ሐኪሙ ከአልጋው ራቅ ብሎ ተቀምጦ ሆድ ዕቃውን በካሜራ አጉልቶ እያየ ያዛል፤ ቀጫጭኖቹ መሣሪያዎች ይታዘዙታል። ያልሠለጠነ እጅም ሲያዛቸው ይታዘዛሉ።

አንድ የአሜሪካ ሆስፒታል ውስጥ ለአጎቴ ሳስተረጉም፣ ሐኪሙ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ካንሰር እንደሚያወጣ ጠየቅሁ። የተመለሰልኝ ስለ ማሽኑ ክንዶች ነበር። አጎቴ ደግሞ «ተዪው ልጄ፣ ሐኪም አይጠየቅም» አሉኝ። ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ሕዝብ ጥያቄውን ለምን ይሸሽጋል?

ሮቦት ከንቱ ነው አልልም። ዳሌ ጠባብ ነው፣ በተለይ የወንድ፤ የሽንትና የወሲብ ነርቮችም እዚያው አጠገብ ያልፋሉ፤ በዚያ ጥበት ውስጥ ቀጫጭኖቹ መሣሪያዎች ሊያግዙ ይችላሉ። በቻይና 11 ሆስፒታሎች 1,240 ሕመምተኞች የተካተቱበት «ሪል» የተባለ ጥናት፣ በ3 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ የተመለሰው በሮቦት ከተሠራላቸው 1.6 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ (ያለ ሮቦት በትንንሽ ቀዳዳዎች በካሜራ እየታየ) ከተሠራላቸው ደግሞ 4 በመቶ ላይ መሆኑን አሳይቷል። ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና በ10 አገሮች 471 ሰዎችን ያካተተው «ሮላር» የተባለ ጥናት ቀዶ ጥገናው ወደ ሆድ መክፈት የተቀየረባቸውን ሲያነጻጽር፣ በሮቦት 8.1፣ በላፓሮስኮፒ 12.2 በመቶ አገኘ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ነበር። ተመራማሪዎቹ መረጃውን መልሰው ሲፈትሹ የሐኪሞቹ የሮቦት ልምድ በውጤቱ ውስጥ እጁ እንዳለበት ጠቆሙ። እኔም የምጮኸው ይህንኑ ነው!

እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 አንጀቱን የከበበውን የስብ ሽፋን ሳይቀድዱ ሙሉውን ማውጣት የካንሰሩን መመለስ እንደሚቀንስ ሲጽፍ ሮቦት የሚባል ነገር ቀዶ ጥገና ክፍል አልገባም ነበር። በዓይን እያዩ በጥንቃቄ መቁረጥ ነበር ዘዴው። ዛሬም ፈራጁ ፓቶሎጂስቱ ነው፦ የወጣውን አካል ውጫዊ ገጽ ቀለም ይቀባል፣ ይከትፋል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል። ካንሰሩ ከቀለሙ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ባነሰ ርቀት ላይ ከተገኘ የመመለስ አደጋው ከፍ ይላል። ያንን ሚሊ ሜትር የሚጠብቀው የሐኪሙ እጅና ዓይን ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ። ይህን ቀዶ ጥገና በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራሉ? በሮቦት ስንቱን ሠርተዋል? ካንሰሩ በወጣው አካል ጠርዝ ላይ የተገኘባቸው ሕመምተኞችዎ ከመቶ ስንት ናቸው? የሰገራ ከረጢት ያስፈልገኛል ወይ፣ ለስንት ጊዜ? ለቁጥር ጥያቄ ቁጥር ካልተሰጣችሁ፣ ሮቦቱ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ ሌላ ሐኪም ፈልጉ።