የፈሰሰውን እንልቀም

በቼዝ የተሸነፈ ሰው ቢያንስ ራሱን ይጠረጥራል። የሚያሳስበኝ በተሳሳተ እንቅስቃሴ ያሸነፈው ነው። ያሸነፈ ሰው ምን ይጠይቃል? «ድጋሚ» የሚለውን ይጫንና ያንኑ ስህተት ተሸክሞ ወደሚቀጥለው ጨዋታ ይገባል።

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ብሊትዝ ነው። በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ ብሊትዝ የሚባለው ለአንድ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች የሚሰጥበት ጨዋታ ነው። ልጆቻችን በስልክ የሚወዱት የ3 እና የ5 ደቂቃውን ነው። ጎንደር ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንገቱን ስልኩ ላይ ደፍቶ በአንድ ከሰዓት ሃያ ጨዋታ የሚጨርስ ወጣት አታጡም። ዓመቱ ሲዞር ግን ደረጃው ያው ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል ያገራችን ሰው። የእኛዎቹ ደግሞ አፍስሰው ሳይለቅሙ ሌላ ያፈስሳሉ።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። በቅርቡ አንድ የከተማችን ወጣት በኩራት የላከልኝ ጨዋታ አለ፤ ሰባት እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ሰሌዳ ያላችሁ አውጡና ተከተሉኝ። ወጣቱ ነጭ ነው።

1. ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5።
2. ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3፣ ጥቁር ወታደሩን ወደ ዲ6።
3. ነጭ ቢሾፑን ወደ ሲ4፣ ጥቁር ቢሾፑን ወደ ጂ4። አሁን የነጭ ፈረስ ታስሯል፤ ከተነሳ ከኋላው ያለችው ንግሥት ትጋለጣለች።
4. ነጭ ሁለተኛውን ፈረስ ወደ ሲ3፣ ጥቁር ፈረሱን ወደ ሲ6።
5. ነጭ በታሰረው ፈረስ የኢ5ን ወታደር በላ! ጥቁር ንግሥቲቱን በላ።
6. የነጭ ቢሾፕ የኤፍ7ን ወታደር በልቶ ቼክ አለ። ንጉሡ ያለው መውጫ ኢ7 ብቻ ነው።
7. የሲ3 ፈረስ ወደ ዲ5። ቼክሜት።

ያምራል አይደል? ወጥመዱ የታወቀ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ይጫወት በነበረው በፈረንሳዊው ሌጋል ስም ይጠራል። ልጁም ከቪዲዮ እንዳጠናው ነግሮኛል። «ንግሥቴን ሰጥቼ አሸነፍኩ!» ነው ያለኝ።

ችግሩ አምስተኛው እንቅስቃሴ ስህተት መሆኑ ነው። ጥቁር ንግሥቲቱን ትቶ ኢ5 ላይ የገባውን ፈረስ በሲ6 ፈረሱ ቢበላው ኖሮ ያ ፈረስ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራ ነበር፦ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ይጠብቃል፣ ሲ4 ላይ ያለውን የነጭ ቢሾፕ ያስፈራራል። ነጭ በአንድ ወታደር አንድ ፈረስ ከፍሎ ባዶ እጁን ይቀር ነበር። ያሸነፈው ተጋጣሚው ስለቸኮለና ስለጎመጀ ነው።

መፍትሔው ደግሞ አንዲት ትንሽ እንቅስቃሴ ናት። በአምስተኛው ላይ መጀመሪያ ወታደሩን ወደ ኤች3 ገፍቶ ቢሾፑን «ወስን» ቢለውስ? ቢሾፑ ፈረሱን ከበላ ወጥመዱ ይቀራል፤ ነጭ ግን በንግሥቱ መልሶ ይበላል፣ የሚከስረው የለም። ቢሾፑ ወደ ኤች5 ካፈገፈገ ግን ያው የኢ5 ምት አሁን ትክክል ይሆናል። ጥቁር ንግሥቲቱን ቢበላ ያንኑ ቼክሜት ያገኛል። ፈረሱን በፈረስ ቢበላ የነጭ ንግሥት ጠባቂ የሌለውን የኤች5 ቢሾፕ ትበላለች፤ የጥቁር ፈረስ ሲ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ ሲበላ ንግሥቲቱ ቢ5 ላይ ቼክ ብላ ፈረሱን ትለቅማለች። ሒሳቡ ሲዘጋ ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ታክቲኩ ያው ነው፤ ልዩነቱ ዝግጅቱ ላይ ነው። ስትራቴጂ የሚባለውም ይኸው ነው።

ይህን አባቶቻችን በደንብ ያውቁት ነበር። በሀገራችን ሰንጠረዥ የጨዋታው መጀመሪያ «ወረራ» ይባላል። ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያሰልፋሉ፤ አንዱ የሌላውን ሰልፍ እያየ የራሱን ይለውጣል። የመጀመሪያው መበላላት ሲደርስ ወረራው ያበቃል፣ ከዚያ በኋላ በተራ ነው። ፍጥነትም ነበረ፣ ነገር ግን «ከመብላቴ በፊት ሰልፌ ሞልቷል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደንቡ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለዚህ ጨዋታ ታሪክ በሰፊው ጽፏል። ከእሱ ከመቶ ዓመት በፊት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1860 በጎንደር አቅራቢያ ጥቃት ደርሶበት የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በመጽሐፉ ገልጾታል።

ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። በሰንጠረዥ ከንጉሡ አጠገብ የሚቆመው ፈርዝ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ የሚሄድ ደካማ ነው፤ ማንም በእሱ አይጎመጅም ነበር። በፈረስ ማት ማድረግም ብዙ አያስመሰግንም፤ በወታደሮች ትብብር ያደረገ ነው የሚወደሰው። ለአባቶቻችን ማሸነፍ ብቻ አልበቃም፣ እንዴት እንዳሸነፍክም ይታይ ነበር።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ብሊትዝ ይቅር አልልም፤ ደስ ይላል፣ ዓይንም ያሰላል። ከአሥር ጨዋታ በኋላ ግን አንዱን መርጣችሁ ሃያ ደቂቃ ስጡት። መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን አትክፈቱ። የመጀመሪያው መበላላት የት እንደሆነ ፈልጉ፤ ያኔ ምን አስባችሁ እንደነበር ጻፉ። ከዚያ ሰሌዳውን አዙራችሁ በተጋጣሚያችሁ ቦታ ተቀመጡና ከሁሉ የሚከፋባችሁን መልስ ፈልጉ። ኮምፒዩተሩ በመጨረሻ ይምጣ። ሊቼስ ላይ ይህ አገልግሎት በነፃ ነው። ማሽኑ ግን የወጣቱን ጨዋታ ሲያይ አምስተኛው ላይ ለሁለቱም የስህተት ምልክት ያደርጋል እንጂ ለምን እንደተጣደፉ አይነግራቸውም። እሱን የሚያውቁት ራሳቸው ናቸው። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜም ይህ ሥራ አይቆምም፤ ሰሌዳና ወረቀት ኔትወርክ አይጠይቁም።

ጉዳዩ ከሰሌዳው ይሰፋል። ፈተና ያለፈ ሁሉ አውቆ አላለፈም፤ ነግዶ ያተረፈ ሁሉ በብልሃት አላተረፈም። ውጤቱን ከውሳኔው ለይቶ ማየት ያልለመደ ሰው ዕድሉን ችሎታ ይለዋል፤ ዕድሉ የከዳው ቀን ምን እንደነካው አያውቅም። ያ ወጣት ለውድድር እየተዘጋጀ ነው። እዚያ የሚጠብቀው ሰዓት ረጅም ነው፣ ተጋጣሚውም ንግሥቲቱን ከመብላቱ በፊት የሚያስብበት ጊዜ አለው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ካሸነፋችሁት አንዱን ክፈቱ። የተሸነፋችሁትንማ ንዴቱም ያሳያችኋል።

ቸር እንሰንብት።